የጨረታ ሰነዱ እስከ ጫካው ይደርሳል?

በ2000 የብሪታንያ መንግሥት አንድ መመሪያ አወጣ። ማዕከላዊ መሥሪያ ቤቶች በሙሉ የሚገዙት እንጨት በሕጋዊ መንገድ የተቆረጠ፣ ደኑንም ለነገ ከሚያቆይ አያያዝ የመጣ እንዲሆን ይትጉ የሚል ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሁለት ዓመት ገደማ ቆይቶ ግሪንፒስ የተባለው የአካባቢ ተሟጋች ድርጅት አባላት ለንደን፣ ዋይትሆል ውስጥ በእድሳት ላይ ወደነበረው የካቢኔ ጽሕፈት ቤት ሕንፃ ዘልቀው ገቡ። የሚገጠሙት በሮችና መስኮቶች ሳፔሌ ከተባለ፣ ከአፍሪካ ሞቃታማ ደኖች ከሚገኝ ቀላ ያለ ጠንካራ እንጨት የተሠሩ ነበሩ። መመሪያውን ያወጣው ያው መንግሥት ነው፤ ሕንፃውም የዚያው መንግሥት እምብርት ነው።

በዚያው ዓመት የፓርላማው የአካባቢ ጥበቃ ኦዲት ኮሚቴ ጉዳዩን መረመረ። መመሪያው የመሥሪያ ቤቶቹን የግዢ ልማድ ስለመለወጡ ግን ማስረጃ አላገኘም። እንዲህ ያለው ነገር የሚሆንበትን መንገድ መገመት አይከብድም። ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት በር አይገዛም፤ የሚገዛው የታደሰ ሕንፃ ነው። ጨረታውን ያሸነፈው ሥራ ተቋራጭ የእንጨት ሥራውን ለሌላ ድርጅት ይሰጣል፣ ያ ድርጅት ጣውላውን ከአስመጪ ይገዛል፣ አስመጪው ከመሰንጠቂያ ፋብሪካ፣ ፋብሪካው ደግሞ ከግንድ ነጋዴ። ከላይ በትልቁ የተጻፈው ቃል በየደረጃው እየሳሳ ይወርድና በሩን የሚሠራው ባለሙያ ዘንድ ሲደርስ የሚቀረው ልኩና ዋጋው ብቻ ነው።

የመንግሥት ግዢን ለደን ጥበቃ የማዋል ሐሳብ ከዚያ ወዲህ ብዙ ርቀት ተጉዟል። ከለንደን ሌላ በኦስሎ፣ በፓሪስ፣ በቶኪዮ፣ በኒውዮርክና በሳኦ ፓውሎ ተሞክሯል፤ ከእንጨትም አልፎ ወደ ሥጋ፣ አኩሪ አተርና ፓልም ዘይት ገብቷል። እኔ ግን የእነዚህን አገሮች ተሞክሮ ሳገላብጥ ዞሮ ዞሮ የማገኘው ያንኑ የዋይትሆል በር ነው። ደንብ ማውጣት የቻሉት ብዙ ናቸው፤ ደንቡን እስከ መጨረሻው አቅራቢ የሚከታተል ሰው ቀጥረው ደመወዝ የከፈሉት ጥቂት ናቸው።

መንግሥት እንደ ገዢ ያለውን ጉልበት አቅልሎ ማየት አይገባም። በኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት አባል አገሮች የመንግሥት ግዢ ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት 12 እና 13 በመቶ አካባቢ ይይዛል፤ በአውሮፓ ኅብረት 14 በመቶ ገደማ ነው። የትምህርት ቤት ምሳ፣ የወታደር ስንቅ፣ የሆስፒታል ወጥ ቤት፣ የቢሮ ወረቀት፣ የድልድይ ወለል፣ የአውቶቡስ ነዳጅ ሁሉ በዚህ ውስጥ አለ። ከገንዘቡ ብዛት ይልቅ ደግሞ የገንዘቡ ጠባይ ወሳኝ ነው። አንድ አስመጪ ለመንግሥት የሚሸጠውን በአንድ መጋዘን፣ ለግል ደንበኛ የሚሸጠውን በሌላ መጋዘን ማስቀመጥ ኪሳራ ነው። ትልቁ ደንበኛው ማስረጃ ያለው ጣውላ ከፈለገ ቀስ በቀስ ዕቃው በሙሉ ወደዚያ ያዘነብላል። በብሪታንያ የእንጨት ገበያ በኋላ የታየው ለውጥ ከፊሉ በዚህ መንገድ የመጣ ነው።

ሌላም ጥቅም አለው። አንድን ምርት አገር እንዳይገባ መከልከል ከዓለም ንግድ ሕግ ጋር ያላትማል፤ መንግሥት ለራሱ የሚገዛውን መምረጥ ግን ከዚያ ይልቅ ሰፊ ነፃነት ያለበት ነው። ኦስትሪያ ይህን በ1992 በደንብ ተምራለች። ከሞቃታማ ደን የመጣ እንጨት ሁሉ ምልክት ይለጠፍበት የሚል ሕግ አወጣች፤ ማሌዥያና ኢንዶኔዥያ ጎረቤቶቻቸውን አስተባብረው ተነሡ፤ በማግስቱ ዓመት ሕጉ ለዘብ ተደረገ። የእስያውያኑ ክርክር ፍሬ ነበረው። የኦስትሪያ የራሷ ጥድ ምልክት ሳይለጠፍበት የቦርኒዮ እንጨት ብቻ ለምን ይለጠፍበታል?

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብዙ የጀርመንና የኔዘርላንድስ ከተሞች ሞቃታማ እንጨት አንገዛም ብለው ነበር። ቁጣቸው ይገባል፤ ውሳኔው ግን ጣጣ ነበረበት። እንጨቱ ገበያ ያጣ ደን ለባለቤቱ ዋጋ ያጣ ደን ነው፤ ዋጋ ያጣውን ደግሞ መንጥሮ ለከብት ግጦሽ ወይም ለፓልም እርሻ ማዋል ይቀላል። በዓለም ላይ ከሚመነጠረው ደን ወደ 90 በመቶ የሚጠጋው የሚጠፋው ለእርሻና ለግጦሽ መሬት ማስፋፊያ እንደሆነ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት በ2021 አስታውቋል። እንግዲህ የገዢው ጥያቄ እንጨቱ ከየት አህጉር መጣ ከሚለው ይልቅ፣ ከየትኛው ደን፣ በማን ፈቃድ፣ በምን አያያዝ ተቆረጠ ወደሚለው መዞር ነበረበት። በ1993 የተመሠረተው የደን አስተዳደር ምክር ቤት፣ በተለምዶ ኤፍኤስሲ የሚባለው፣ ማረጋገጫ መስጠት የጀመረው ለዚሁ ጥያቄ ነው።

ብሪታንያ ከካቢኔ ጽሕፈት ቤቱ ቅሌት በኋላ ያደረገችው በእኔ ግምት እስካሁን ከታዩት ሙከራዎች ሁሉ የተሻለው ነው። በ2005 ሲፔት የሚባል ትንሽ የባለሙያዎች ማዕከል ተቋቋመ። ሥራው አሰልቺ ይመስላል፦ ግዢ ሠራተኞችን ማሠልጠን፣ የማረጋገጫ ድርጅቶችን መመዘን፣ ስልክ አንሥቶ ይህ ወረቀት ይበቃል ወይስ አይበቃም ብሎ መመለስ። ማስረጃውን በሁለት ከፈለው። አንደኛው የታወቀ የማረጋገጫ ምልክት ያለው ነው። ሁለተኛው ምልክት ለሌለው እንጨት ሲሆን፣ አቅራቢው ከጉቶው እስከ ማስረከቢያው ያለውን ሰንሰለት በሰነድ ማሳየት አለበት። ከ2009 ጀምሮ ማዕከላዊው መንግሥት ሕጋዊና ዘላቂ የሆነውን፣ ወይም ከአውሮፓ ኅብረት ጋር ውል ባሰረ አገር የሕጋዊነት ፈቃድ የተሰጠውን እንጨት ብቻ እንዲገዛ ተወሰነ። ኢንዶኔዥያ በ2016 ያንን ፈቃድ ለመስጠት የመጀመሪያዋ አገር ሆነች። አንድ ገዢ ሞቃታማውን ደን ከነአገሩ ሳይፈርጅ በሩን ክፍት አድርጎ መጠየቅ እንደሚችል ይህ ያሳያል። የሚያናድደው በዚያው በ2016 ሲፔት መዘጋቱ ነው። ደንቡ ባለበት ቀጠለ፤ ስልክ የሚያነሣው ሰው ተሰናበተ።

ወደ ኒውዮርክ እንሻገር። ኮኒ አይላንድ የሚባለው የብሩክሊን ባሕር ዳርቻ በ1923 የተከፈተ ከአራት ኪሎ ሜትር የሚረዝም የእንጨት መራመጃ አለው። ባሕር ሲመታው፣ ፀሐይ ሲያከረው፣ ሚሊዮን እግር ሲረግጠው የሚችል እንጨት ይፈልጋል። ከተማዋ ያገኘችው ኢፔን ነው። የአማዞን ዛፍ ነው፤ ከክብደቱ የተነሣ ውኃ ላይ አይንሳፈፍም፤ ለምሥጥም ለብስባሴም አይበገርም። ችግሩ ኢፔ በደኑ ውስጥ ተበታትኖ የሚበቅል መሆኑ ነው፤ በብዙ ሄክታር ውስጥ አንድ ትልቅ ዛፍ ቢገኝ ነው። እሱን ለማውጣት መንገድ ይጠረጋል፤ በመንገዱ ሌሎች ቆራጮች ይከተላሉ፤ ከእነሱ ኋላ ከብት ይገባል።

በብራዚል የፓራ ግዛት የሆነው ደግሞ ወረቀት ብቻውን ምን ያህል እንደሚታመን ይነግረናል። ከመቁረጥ በፊት በደኑ ያሉት ዛፎች ተቆጥረው ይመዘገባሉ፤ ፈቃድ የሚሰጠው በተመዘገበው መጠን ነው። ተመራማሪዎች በ2018 ባሳተሙት ጥናት በፈቃድ ሰነዶቹ የሰፈረው የኢፔ መጠን ደኑ በተፈጥሮው ሊይዝ ከሚችለው እጅግ የበለጠ ሆኖ አገኙት። የሌለ ዛፍ በወረቀት ላይ ይበቅላል፤ በዚያ ዛፍ ስም ከጥብቅ ደን ወይም ከነባር ሕዝቦች ግዛት የተቆረጠ ግንድ ሕጋዊ ሆኖ ወደብ ይደርሳል። ማኅተሙ እውነተኛ ነው፣ ፊርማውም እውነተኛ ነው። በ2022 ፓናማ ላይ የተሰበሰቡት አገሮች ኢፔን ለመጥፋት የሚያሰጉ ዕፅዋትና እንስሳት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ የሳይትስ ስምምነት ሥር ያስገቡት ይህን የመሰለው ነገር ስለበዛ ነው፤ ቁጥጥሩ ሥራ ላይ የዋለው በኅዳር 2024 ነው።

የኒውዮርክ ግዛት የመንግሥት አካላት ሞቃታማ እንጨት እንዳይገዙ የሚገድብ ሕግ ያወጣው ገና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነበር። ሕጉ ግን ልዩ ፈቃዶች ነበሩት። ከተማዋም በእነዚህ ዓመታት ከኢፔ አልተላቀቀችም። በ2008 ከንቲባ ማይክል ብሉምበርግ ከተማዋ የምትጠቀመውን ሞቃታማ እንጨት እንደምትቀንስ አስታወቁ። መራመጃው በከፊል በኮንክሪትና ዳግም በተሠራ ፕላስቲክ ሲተካ ግን የሠፈሩ ነዋሪዎች ተቆጡ፣ ክስም መሠረቱ። የባሕር ዳርቻችን የመኪና መንገድ መሰለ አሉ። እዚህ ላይ ነዋሪዎቹን ማን ይወቅሳቸዋል? ደን መጠበቅ ማለት አንዳንዴ የምትወደውን የእንጨት ወለል ማጣት እንደሆነ አስቀድሞ የነገራቸው አልነበረም።

በ2023 ሰኔ የግዛቲቱ ሕግ አውጪዎች ሰፋ ያለ ረቂቅ አጸደቁ። ለመንግሥት ዕቃ የሚያቀርብ ድርጅት ምርቱ ለሞቃታማ ደን መጨፍጨፍ ምክንያት አለመሆኑን እንዲያረጋግጥ የሚጠይቅ ነበር፤ ከእንጨት ባሻገር እንደ ፓልም ዘይት፣ አኩሪ አተርና የከብት ሥጋ ያሉትንም ይነካል። አገረ ገዥ ካቲ ሆኩል በታኅሣሥ ውድቅ አደረጉት። ካሊፎርኒያም ከሁለት ዓመት በፊት ተመሳሳይ ረቂቅ አጽድቃ፣ ጋቪን ኒውሰም በጥቅምት 2021 አልፈርምም ብለዋል። ሁለቱም አገረ ገዥዎች ዓላማውን እየደገፉ ሸክሙ በንግድ ድርጅቶች፣ በተለይም በትንንሾቹ ላይ ይከብዳል የሚል ምክንያት ሰጥተዋል። የንግዱ ማኅበረሰብ ግፊት ምን ያህል እንደሠራ ሁሉም የሚገምተው ነው፤ ቢሆንም ምክንያቱን ሙሉ በሙሉ ሰበብ ነው ብዬ ማለፍ አልችልም። ለአንድ እስር ቤት ብስኩት የሚያቀርብ አነስተኛ ነጋዴ በብስኩቱ ውስጥ ያለው ዘይት ከየትኛው ማሳ እንደተጨመቀ በራሱ ሊያውቅ አይችልም። ፊርማ ከተጠየቀ ይፈርማል። ጥያቄው ፊርማውን ማን ያጣራል ነው፤ ለዚያ ደግሞ ግዛቲቱ ራሷ ባለሙያ መመደብ ነበረባት።

ቶኪዮ ሌላውን ቀዳዳ አሳየችን። ለ2020 ኦሊምፒክ ጃፓን የእንጨት ግዢ ደንብ ነበራት። ነገር ግን አዲሱ ብሔራዊ ስታዲየም ሲገነባ ኮንክሪቱ እስኪጠነክር የሚያቅፈው ኮምፔንሳቶ ከማሌዥያና ከኢንዶኔዥያ ደኖች የመጣ መሆኑ በ2017 ታወቀ፤ በማሌዥያዋ የሳራዋክ ግዛት ያሉ ነባር ማኅበረሰቦችና የአካባቢ ተሟጋቾች አቤት አሉ። አዘጋጆቹ በኋላ ይፋ ባደረጉት መሠረት የዋለው ኮምፔንሳቶ ከመቶ ሺሕ ሉህ በላይ ነው። ደንቡ ዳግም ጥቅም ላይ የሚውልን የኮንክሪት ማቀፊያ በለዘብታ ያልፈው ነበር። ኮንክሪቱ ሲደርቅ ማቀፊያው ይነሣል፤ ስታዲየሙ ሲመረቅ ሉሁ የለም። ጎብኚው የሚያየው ያማረውን የጃፓን ዝግባ ጣራ ነው። የመንግሥት ግንባታ ቆሻሻውን የሚደብቀው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ባለው ሕንፃው ውስጥ በማይቀር ዕቃ ነው፤ ስለዚህ የጨረታ ሰነድ የሚጽፍ ሰው ሕንፃው ውስጥ የሚቀረውን ብቻ ሳይሆን በሥራው ሂደት አልቆ የሚጣለውንም መጠየቅ አለበት።

ኖርዌይ በ2007 በመንግሥት ሕንፃዎች ሞቃታማ እንጨት እንዳይገባ ወሰነች። በ2016 ደግሞ ፓርላማዋ የመንግሥት ግዢ ከደን ጭፍጨፋ የጸዳ እንዲሆን ቃል አስገባ። የዓለም መገናኛ ብዙኃን ያን ጊዜ «የደን ጭፍጨፋን የከለከለች የመጀመሪያዋ አገር» ብለው ጻፉላት፤ ማጋነን ነበር፤ የተነካው የመንግሥት ግዢ እንጂ የአገሪቱ ንግድ አይደለም። ፈረንሳይ በ2018 ባወጣችው ስትራቴጂ የመንግሥት ግዢዋን በ2022 ከደን ጭፍጨፋ ነፃ ለማድረግ አቅዳ፣ ለግዢ ሠራተኞች መመሪያ አዘጋጅታለች። በእነዚህ አገሮች ጥያቄው ከበርና ከወለል ወደ ሳህን ተሸጋግሯል፤ እዚያ ደግሞ ይጨልማል። ጣውላ ቢያንስ በዓይን ይታያል። የደቡብ አሜሪካ አኩሪ አተር ግን ፓሪስ ትምህርት ቤት የሚደርሰው ዶሮ ሆኖ ነው። ዶሮዋ ፈረንሳይ ውስጥ ተፈልፍላ፣ ፈረንሳይ ውስጥ አድጋ፣ በአገር ውስጥ ምርት ምልክት ትሸጣለች፤ መኖዋን የጠየቀ የለም። የፓልም ዘይትም የማረጋገጫ ምልክት ቢኖረው እንኳ አንዳንዱ ምልክት ማረጋገጫ ያለውና የሌለው ዘይት በአንድ ታንክ እንዲደባለቅ ይፈቅዳል፤ የሚቆጠረው በመዝገብ ላይ ያለው ድርሻ ነው።

ፓልም ዘይት ሲነሣ የእኛም ቤት ይነካል። ዓለም ከሚያመርተው ፓልም ዘይት አብላጫው፣ ከአምስት እጁ አራት እጅ በላይ፣ የኢንዶኔዥያና የማሌዥያ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት ለዓመታት የውጭ ምንዛሪ እየመደበ ያስገባውና በሸማቾች ማኅበራት በኩል በተወሰነ ዋጋ ያከፋፈለው የሚረጋው ዘይት የዚሁ ሰንሰለት አካል ነው። ያን ጊዜ ወረፋ ከያዘው ሰው የሱማትራ ደን ትዝ ያለው ነበር ብዬ አላስብም፤ ትዝ እንዲለውም መጠበቅ ፌዝ ነው። ጥያቄው ዘይት ይገኛል ወይስ አይገኝም ነበር። ነገር ግን በዚህ ዓይነት የጅምላ ግዢ ገዢው አንድ ሲሆን፣ ሻጩን አንድ ተጨማሪ ሰነድ መጠየቅ ለሸማቹ ዋጋ እንዳይጨምር አድርጎ መደራደር ይቻላል። ይህን የሚሞክር ሰው ቢገኝ አልጠላም።

የሕጉን ግድግዳም ማወቅ ያስፈልጋል። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት በ1996 ከበርማ ጋር የሚነግዱ ድርጅቶችን በመንግሥት ጨረታ የሚቀጣ ሕግ አውጥታ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2000 ሻረው፤ በበርማ ላይ የወጣው የፌዴራል ማዕቀብ ሕግ ይቀድማል በሚል። የአውሮፓው ትምህርት ደግሞ በቡና ማሽን የመጣ ነው። የኔዘርላንድስ ሰሜን ሆላንድ አውራጃ በ2008 ለመሥሪያ ቤቶቹ የቡና ማሽን አቅራቢ ሲፈልግ፣ ቡናው ማክስ ሀቨላር የተባለውን የፍትሐዊ ንግድ ምልክት የያዘ እንዲሆን በጨረታው ጠየቀ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2012 በሰጠው ውሳኔ ገዢው ቡናው እንዴት እንደተመረተና ገበሬው ምን እንደተከፈለው መስፈርት ማድረግ እንደሚችል ተቀበለ፤ ስሕተቱ የአንድን ምልክት ስም መጥራቱ ነው። መስፈርቱን ዘርዝሮ፣ በሌላ መንገድ ለሚያረጋግጥም በሩን መክፈት ነበረበት። አገር ወይም ምልክት የጠራ ጨረታ ይወድቃል፤ አሠራርን የገለጸ ግን ይቆማል።

ይህ ወደ ቡናችን ያመጣናል። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው ደንብ ከብት፣ ካካዎ፣ ቡና፣ ፓልም ዘይት፣ ጎማ፣ አኩሪ አተርና እንጨት ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ከተመነጠረ መሬት እንዳይመጡ ያዛል፤ ተፈጻሚነቱ ሁለት ጊዜ ተራዝሟል። ብዙዎች ስለ ቅጣቱ ሲያወሩ ከገቢ ላይ የሚሰላውን መቀጮ ያነሣሉ። ከቅጣቶቹ መካከል ግን ደንቡን የጣሰን ድርጅት እስከ 12 ወር ከመንግሥት ጨረታ ማገድም አለ። ለጀርመን ሆስፒታሎችና ዩኒቨርሲቲዎች ቡና የሚያቀርብ ቆሊ ይህ ያስፈራዋል፤ ስለዚህ ፍርሃቱን ወደ ላኪው፣ ላኪውም ወደ ካፋና ወደ ዩኒየኖቹ ይገፋዋል። ደንቡ ከአራት ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ የካርታ ነጥብ ብቻ ይበቃል ይላል። ለአውሮፓ ቢሮ አንዲት ነጥብ ናት፤ በዛፍ ጥላ ሥር ግማሽ ሄክታር ቡና ላለው ገበሬ ግን ስልክ ይዞ ማሳው ድረስ የሚመጣ ሰው፣ የሚመዘግብ ማኅበር፣ ለዚያ የሚከፈል አበል ነው። ደኑን ጠብቆ የኖረው እሱ ሆኖ ሳለ የማስረጃው ወጪ ከእሱ ዋጋ ላይ እንዳይቀነስ የሚያደርግ አንቀጽ በአውሮፓ የጨረታ ሰነዶች ውስጥ መግባት አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ዋጋ የሚያወዳድር መሥሪያ ቤት ይህን ወጪ ከውድድሩ አውጥቶ ለብቻው ሊከፍለው ይችላል።

እስካሁን ያወራነው ስለ ሀብታም ገዢዎች ነው። ከአማዞን የሚወጣው እንጨት ግን አብዛኛው ከብራዚል ድንበር አይወጣም፤ የሳኦ ፓውሎ ግዛት ከዋነኞቹ ተጠቃሚዎች አንዷ ናት። ግዛቲቱ በ2008 ባቋቋመችው የምዝገባ ሥርዓት መሠረት የመንግሥት ግንባታዎች የአገር በቀል ዛፍ ጣውላ የሚገዙት ከተመዘገቡ ነጋዴዎች ብቻ ነው። የነጋዴው ግቢ ይጎበኛል፣ በመዝገብ ያለው ጣውላና በመጋዘን ያለው ጣውላ ይመሳከራል። የፌዴራሉ መንግሥት ደግሞ በ2009 ባወጣው ሕግ ለትምህርት ቤት ምገባ ከሚመድበው ገንዘብ ቢያንስ 30 በመቶው ከአነስተኛ አባወራ ገበሬዎች ለሚገዛ ምግብ እንዲውል አዝዞ ነበር (ድርሻው ከ2026 ጀምሮ ወደ 45 በመቶ ከፍ ብሏል)፤ በአማዞን ክልል ይህ ማለት አሳዪ የተባለው የዘንባባ ፍሬ፣ የብራዚል ለውዝና ዓሣ ከመሳሰሉት፣ ደኑ ሳይመነጠር ከሚገኙት ምግቦች ወደ ልጆቹ ሳህን የሚደርስበት መንገድ ተከፈተ ማለት ነው። ወደ 40 ሚሊዮን ተማሪዎችን የሚመግብ ፕሮግራም ነው።

በ2024 በዓለም የጠፋው ጥንታዊ ሞቃታማ ደን 6.7 ሚሊዮን ሄክታር ነው፤ ከ2023ቱ በ80 በመቶ ይበልጣል፤ ግማሽ ያህሉን የበላው እሳት ነው። እሳትን የጨረታ ሰነድ አያጠፋውም። አማዞን ውስጥ ግን አብዛኛው እሳት የሚለኮሰው መሬት ለማጽዳት ነው፤ መሬቱ የሚጸዳው ሥጋውንና አኩሪ አተሩን የሚገዛ ስላለ ነው፤ ከገዢዎቹም መካከል ለወታደርና ለተማሪ ምግብ የሚገዙ መሥሪያ ቤቶች አሉ። ኒውዮርክም ሆነች ካሊፎርኒያ ረቂቁን መልሰው ካመጡት እኔ መጀመሪያ የማነበው የተከለከሉትን ምርቶች ዝርዝር አይደለም። የበጀት ሠንጠረዡን ገልጬ ስንት ተቆጣጣሪ እንደተመደበለት አያለሁ።